ጫማሽን ያላወለቅሽበት እሑድ

ለአስኩዬ፣ ለነፍስሽ ዕረፍት ይስጥልኝ።

ከተለያየን ሦስት ዓመት ከአራት ወር ሆነን። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልሽ ወሬ አጥቼ አይደለም፤ አፍሬ ነው። ብዕር በያዝኩ ቁጥር ያ እሑድ ይመጣብኝና ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ እከተዋለሁ። ዛሬ ግን ሳልጨርስ አልነሳም።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርሽ። ስትነዘንዢኝ የኖርሽበት የጓዳው ቆርቆሮ ተቀየረ። አንቺ እያለሽ ባደርገው ምን ነበረበት? ጌሾሽ አጥሩን አልፎ ጎረቤት ገብቷል፤ እነሱም ሳይጠይቁ ይቀነጥሳሉ፣ እኔም አይቼ እንዳላየሁ አልፋለሁ። ሞባይል ገዝቻለሁ። እዚህ ዓለም ከተማ ኔትወርኩ በደንብ የሚገኘው ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥግ ስለሆነ፣ ሰው ሁሉ ስልክ ሊያወራ ሲሄድ ሊሳለም የሚሄድ ይመስላል። ልጃችን ትርሲት አሥረኛ ክፍል ገብታለች። ቁመቷ ጆሮዬ ደርሷል፤ ንግግሯ ደግሞ ያንቺው ነው፣ ምንም አታሳልፈኝም።

ወደ ቆላው መውረጃ ያለው ጥብቅ ደንም ተለውጧል። አሁን ፓርክ ነው የሚባለው። በር ላይ ታፔላ ተተክሏል፣ ጥበቃ ተቀጥሯል፣ ወደ ወንዙ የሚያወርደው የእግር መንገድ በድንጋይ ተደልድሏል። ወንዙ ዓለቱን ፈልፍሎ የሠራቸው ገንዳዎች ግን እንዳየሻቸው ናቸው። ትልቁ ዛሬም አረንጓዴ ነው፤ አንቺ የተቀመጥሽበት ጠፍጣፋ ድንጋይም እዚያው አለ።

የዛሬ ስምንት ዓመቱን እሑድ ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ቢሆንም ከእኔ አፍ ስሚው። መምህራኑ የሦስት ቀን ግምገማ ተቀምጠን ገና መውጣታችን ነበር። ስሜ ሲነሳና ሲጣል ሰንብቷል። ዳይሬክተሩ ድካማችንን ያስረሳናል ብሎ ሁላችንንም ከነሚስቶቻችን ለሽርሽር ወሰደን። አንቺ የጀማ ወንዝ ዳር ልጅ ነሽ፤ ከመራመድ እኩል ዋና የለመድሽ። እኔ የደጋው የሞላሌ ሰው ነኝ፤ እኛ አገር ውሃ ይጠጣል እንጂ ማን ይገባበታል! ጠዋት ስትለብሺ ከላይኛው ቀሚስሽ ሥር አሮጌውን ሰማያዊ ቀሚስ መደረብሽን አይቻለሁ። ለምን እንደሆነም ገብቶኛል። ደስታሽ ከፊትሽ ይነበብ ነበርና ቤት ውስጥ ልከለክልሽ አልደፈርኩም። እዚያ ስንደርስ ይቀርላታል ብዬ ዝም አልኩ።

አልቀረልሽም። ወንዶቹ ገንዳው ውስጥ ሲንቦጫረቁ አይተሽ ነጠላሽን አስቀመጥሽ፣ ጎንበስ ብለሽም የጫማሽን ማሰሪያ መፍታት ጀመርሽ። ሰው ሁሉ ወደ አንቺ ዞረ። እኔ ደግሞ የሚቀጥለው ግምገማ ታየኝ፣ የመምህሩ ሚስት ከወንድ ጋር ስትዋኝ ዋለች ሲባል ተሰማኝ። ያኔ ነው ያንን ውሸት የዋሸሁት። ጮክ ብዬ፣ ሁሉም እንዲሰማ፣ ዛሬ ጠዋት ቆርበናል አልኩ።

የቆረበ ሰው በዚያ ቀን ውሃ አይገባም፣ በባዶ እግሩም መሬት አይረግጥም። ከዚህ የተሻለ መከልከያ ከየት ይገኛል? እኔና አንቺ ግን በሰማንያ የተጋባን ነበርን እንጂ አንድም ቀን አብረን ቆርበን አናውቅም።

አንቺ ቀና ብለሽ አየሽኝና ማሰሪያሽን መልሰሽ አሰርሽ። ሰዉ ግን አከበረን። ዳይሬክተሩ ተነሥቶ ጥላው ያለበትን ቦታ ለቀቀልን፣ ምሳም ከእኛ ጀመሩ። ከሰዓት በኋላ ጠጠር ገብቶብሽ አንዱን ጫማሽን ስታወልቂ ሴቶቹ ተንጫጩ፤ አንዷ ሮጣ እግርሽ መሬት እንዳይነካ ነጠላዋን አነጠፈችልሽ። የሰው ንጹሕ ነጠላ በእኔ ውሸት ላይ ተነጠፈ። አንቺ እግርሽን ነጠላው ላይ ሳታሳርፊ፣ ጠጠሩንም ሳታወጪ፣ ጫማሽን መልሰሽ አጠለቅሽ። ፀሐይ እስኪያዘቀዝቅ ውሃውን እያየሽ ከድንጋዩ ላይ አልተነሳሽም። ውስጥ ለውስጥ የለበስሽው ቀሚስ እንዴት አሙቆሽ ይሆን?

በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ዛሬ ይህን ያህል ባላፈርኩ። ዳይሬክተሩ በየስብሰባው የቁርባን ባልና ሚስት ምሳሌ አደረገን። አንቺ ደግሞ ውሸቱን እውነት እናድርገው፣ ንስሐ ገብተን እንቁረብ አልሽኝ። ለመቁረብ ግን ለንስሐ አባታችን ለመምሬ ክንፈ ያን እሑድ መናገር ነበረብኝ። በቅዱስ ቁርባን ዋሸሁ ብዬ እሳቸው ፊት መቆሙ ሞት መሰለኝ። ለፋሲካ አልኩሽ። ፋሲካ ሲደርስ ለፍልሰታ አልኩሽ። ብቻሽን እናገራለሁ ስትዪ ደግሞ ተቆጣሁሽ፤ ልታዋርጂኝ ነው ወይ አልኩሽ። ከዚያ ወዲያ አላነሳሽብኝም።

ታምመሽ መምሬ ሊያናዝዙሽ የመጡ ዕለት እኔ በሩ ጀርባ ቆሜ ነበር። ሰምቼሻለሁ አስኩዬ። ሲሻለኝ ከባለቤቴ ጋር ነው የምቆርበው አልሻቸው። ለመቁረብ ያን እሑድ መናዘዝ ስለነበረብሽ፣ እኔን ላለማጋለጥ ብለሽ ነው፤ ሌላ ምክንያት አልነበረሽም። መግባት ነበረብኝ። እግራቸው ላይ ወድቄ ጥፋቱ የእኔ ነው ማለት ነበረብኝ። ሳል እንኳ እንዳያመልጠኝ አፌን ይዤ ቆምኩ። በአሥረኛው ቀን ሳትቆርቢ ሄድሽ።

ዘንድሮ ትርሲት ሣጥንሽን ስትከፍት ሰማያዊው ቀሚስ ወጣ። ይሄማ የዋና ቀሚሷ ነው አለች። ለካ እናትሽ ዘንድ ይዘሻት በወረድሽ ቁጥር ጀማ ዳር ዋና ስታስተምሪያት ኖረሻል! ለአባትሽ እንዳትነግሪ ብለሻት ሰባት ዓመት ሙሉ አልነገረችኝም። እኔ የከለከልኩሽ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ያደረግሁት እንድትደብቂኝ ብቻ ነው።

በማግስቱ መምሬ ክንፈ ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ተናገርኩ። እሳቸውም፣ እሷ ታምማ የተኛችው ይህን ሁሉ ይዛ ነበር እንዴ አሉኝ። ቀኖና ሰጡኝ፤ ጾምኩ፣ ሰገድኩ። ያለፈው እሑድ ብቻዬን ቆረብኩ። በግራዬ ያለው ቦታ ያንቺ ነበር።

ከቅዳሴ በኋላ ከትርሲት ጋር ወደ ገንዳው ወረድን። መንገድ ላይ ይህን ሁሉ ነገርኳት። እሷም ስንደርስ ሰማያዊውን ቀሚስ ለብሳ ገባች፤ ትከሻዋን ስትጥለው ልክ አንቺን ሳትመስል አትቀርም፤ አንቺን ስትዋኚ አይቼ ስለማላውቅ ግን እርግጠኛ መሆን አልችልም። ወዲያው ቀና ብላ፣ አባዬ እግርህን እንኳ ንከር አለችኝ። አልችልም፣ ቆርቤአለሁ አልኳት። በዚያ ቦታ ይህን ስል የአሁኑ እውነት ነበር።

ያንቺ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ስንወርድ ጠጠር ገብታብኝ ነበር፤ አላወጣኋትም። በየዓመቱ በዚያው እሑድ እዚያ ሄጄ አስብሻለሁ፤ ለጠየቀኝ ሁሉም ለምን እንደምቀመጥ እናገራለሁ። ጫማ አድርጎ ውሃ ዳር ሲዋል ቀኑ እንዲህ ረጅም መሆኑን አላውቅም ነበር፣ አስኩዬ።