የሙሽሪት ቅጠል

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9

ለሚመለከተው ሁሉ... ማለትም ለራሴ። በጥልቅ ሐዘን የምገልጸው፦ በዚህ ቤት አራት ዓመት ሙሉ የገዛው የኔ የቦሎቄ ሾርባ ዛሬ ምሳ ሰዓት ላይ ከሥልጣኑ ወርዷል። የገለበጠችው የወንድሜ ሚስት ናት። ሁላችንም ሙሽሪት ነው የምንላት። ከገባች ገና ሦስት ሳምንቷ! መሣሪያዋ ደግሞ... ቅጠል። ደረቅ ቅጠል። ቤይ ሊፍ ይባላል አለችኝ። እንደ መድኃኒት በብልቃጥ ይዛው መጥታለች።

አባዬ አንድ ሳህን ጨረሰ። ከዚያ ሳህኑን ወደሷ ዘረጋ። "ሙሽሪት፣ እስቲ ድገሚልኝ።"

ድገሚልኝ! እኔ ብቻ የምባላት ቃል። ስምንተኛ ክፍል ላይ ከትምህርት ጋር ተጣልቼ ስወጣ የቀረችኝ ማዕረግ እኮ እሷው ነበረች።

እሑድ፣ ጥቅምት 10

ስሰልላት ዋልኩ። ሦስት ቅጠል ትከታለች። ከማቅረቧ በፊት ሦስቱንም ለቅማ ታወጣለች።

"የሚወጣ ከሆነ ለምን ገባ?" አልኳት።

"ሽታውን ትቶ ይወጣል።"

"እንደ ባልሽ ካልሲ በይኛ!"

ሳቀች። መሳቋ የባሰ አናደደኝ። ምናለ ብትቆጣ?

ቆየት ብላ ደግሞ፣ "አንቺስ ሁለት ጭልፋ ቦሎቄ አውጥተሽ ጨፍልቀሽ የምትመልሺው ለምንድን ነው?"

"ለድዳም እንግዳ ነው" አልኳት። እንዲወፍር ነው እንጂ... ምስጢሬን በነፃ ልዘርግፍላት?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13

አባዬ ከልብስ ስፌቱ ሲመለስ በሩን የከፈትኩለት እኔ ነኝ። "ይሄ ሽታ!" ብሎ በአጠገቤ አልፎ ወደ ጓዳ ገባ። እኔን በር አደረገኝ። አይ ሆድ!

ቅናት ነው እንዴ? በፍጹም። ... እሺ፣ ነው።

ወንድሜ፣ "ጦጢት፣ ምን ሆነሽ ነው የተነፋሽው?" አለኝ።

"ቦሎቄ በልቼ።"

ዓርብ፣ ጥቅምት 15

ተገኘ! የአጥራችን ዛፍ ደረቅ ቅጠል ከብልቃጡ ቅጠል ጋር መንትያ ነው። ሙሽሪት ገበያ ስትሄድ ለዋወጥኳቸው። የሷ ትራሴ ሥር፣ የአጥሩ ብልቃጥ ውስጥ። ነገ ሾርባዋ አፈር አፈር ይላል። አባዬ ሳህኑን ይገፋል። እኔ ደግሞ ቀስ ብዬ ጭልፋዬን አነሳለሁ...

ዛሬ በሳቅ ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16



ቀትር ላይ ደጅ ልብስ ሳሰጣ ጡረተኛው ጎረቤታችን ፍየሉን ከአጥራችን ያባርራል። "ነይ ከዚያ! እናትሽን የቀበርኳት በዚህ ቅጠል የተነሳ ነው!"

በየትኛው ቅጠል? በዚሁ በኛ ዛፍ!

ልብሱን ጥዬ ገባሁ። ምሳ ቀርቧል። አባዬ ማንኪያውን አንስቷል።

"አባዬ፣ እንዳትቀምስ!"

"ምነው? ዝንብ ገባበት?"

"ቅጠሉ... የአጥሩ ነው። እኔ ነኝ የቀየርኩት። ፍየሏ ሞታለች!"

"የቷ ፍየል?" አለ ወንድሜ። አፉ ሙሉ ነው። እሱማ በልቷል! በሩን ይዤ ቀረሁ።

ሙሽሪት ጭልፋውን አስቀመጠች። "ይብሉ አባባ። ቅጠል የሚባል የለበትም። ከመክተቴ በፊት ሁልጊዜ ሰበር አድርጌ አሸተዋለሁ። የዛሬው አቧራ አቧራ አለኝ፣ ብልቃጡን እንዳለ ደፋሁት።"

አባዬ አንዴ እኔን፣ አንዴ ሳህኑን አየ። በቃ አለቀልኝ ስል... ቀመሰ። ደግሞ ቀመሰ።

"ታዲያ ያለ ቅጠሉ ምን አጣፈጠው?"

"የሷ አሠራር ነዋ። ሁለት ጭልፋ ጨፈለቅኩበት።" ወደኔ ዞረች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። "ከመጣሁ ጀምሮ አባባ ሲያመሰግኑኝ እንኳ 'ሽታው ደስ ይላል፣ ግን የጦጢት ይወፍራል' ነው የሚሉኝ። የምትቀኚው አንቺ ብቻ መሰለሽ?"

መሬት ትዋጠኝ አልኩ። እሷም ጠላችኝ መሰለኝ፣ አልዋጠችኝም።

የአባዬ ፍርድ፦ አንድ ወር ሙሉ ዕቃ ማጠብ። ወንድሜ ዛፉን ሊቆርጥ መጥረቢያ ፍለጋ ወጣ፤ በየደቂቃው ሆዱን እየዳበሰ። እኔም ትራሴ ሥር ያለውን አምጥቼ እጇ ላይ አስቀመጥኩ። ይቅርታ የምትለዋን ቃል አልጨመርኩበትም። እሷ ግን የሰማችኝ መሰለኝ።

እሑድ፣ ጥቅምት 24

ትናንት አብረን ሠራን። ቅጠሉ የሷ፣ ጭፍለቃው የኔ። አባዬ አንዱን ሳህን ጨረሰና ለማን እንደሚዘረጋ ጨነቀው። እሷን አየ፣ እኔን አየ... ድስቱን ራሱ ጎትቶ ወሰደው። ብልጥ ሽማግሌ!

ዛሬ ጠዋት ደግሞ ጫማዬን ሳጠልቅ ኮሽ አለ። ቤይ ሊፍ! ጫማው ሙሉ!

ከጓዳ ድምፅ መጣ፦ "እግርሽ ይጣፍጥ ብዬ ነው፣ ጦጢት!"

እኔ ቀድሜ ያላሰብኩት ለምንድን ነው? አሁንስ በተንኮሏም መቅናት ጀመርኩ።

የጻፍኩትን መልሼ አነበብኩት... አፈርኩ። ይሄ ሁሉ ገጽ፣ ይሄ ሁሉ ለቅሶ! ሲጠቃለል ምንድን ነው? አንድ ድስት ቦሎቄ። እሱም ትናንት አልቋል።