በየደጁ ያነጠፍኩት ጥድ

ውድ ወንድሜ አልጎት፣

ዛሬ ያ ተስፋ የጣልክበት መንግሥትህ ወደቀ። አስተማሪያችን ጋዜጣውን ጠረጴዛው ላይ ጣለና፣ «ሁለት ትናንሽ ፓርቲዎች ተጣምረው ነበር፤ ፓርላማው ውስጥ የሚደግፋቸው ጠፋ፤ አለቀ» አለን። ከዚያ ወደ ሂሳብ ገባን። እኔ ግን አንድም ቁጥር አልታየኝም።

ያን ሰሞን ትዝ ይልሃል? የሥራ አጦች ቢሮ፣ አድማ ወደተመታበት ማዕድን ካልወረድክ የቤታችን ድጎማ ይቆማል አለህ። እማዬ «ልጄ፣ አንተ ከምትወርድ እንራብ» ስትልህ ሳቅክባት።

«አዲሶቹ ሚኒስትሮች ትእዛዙን ያነሱታል፣ እማዬ። እስኪያነሱት ብቻ ነው።»

የማዕድን ሠራተኞች ማኅበር ሊቀመንበር የሆነው ጎረቤታችን ቬርነር አጥሩን ተደግፎ ይሰማ ነበር። «ያንተ መንግሥት በአንድ እግሩ ነው የቆመው። ቢያስነጥሰው ይወድቃል፤ እሱ ነው ትእዛዝ የሚያነሳው?»

«አጎቴ፣ እርስዎ አንዴ እንኳ ተስፋ ቢያደርጉ ጢምዎ ይረግፋል?»

«ከወረድክ አጎቴ አትበለኝ።»

ወረድክ። ትእዛዙ ሳይነሳ የጉድጓዱ ጣሪያ ወረደብህ።

አባባ ሲቀበር ጎረቤቱ ሁሉ በየደጁ የጥድ ዝንጣፊ አንጥፎ መንገዱ እስከ ቤተ ክርስቲያን አረንጓዴ ነበር። እማዬ ለአንተም የለመነችው ያንን ብቻ ነው። «ልጄን በባዶ መንገድ አልወስደውም» እያለች አለቀሰች። ቬርነር ዘንድ ሄድኩ።

«እናትህ ታሳዝነኛለች» አለኝ። «ግን ለእሱ ካነጠፍኩ ነገ ሌላው ይወርዳል።»

«ቢሮው አዞት እኮ ነው!»

«ሁላችንንም አዞናል፣ ሲክስተን።»

ስለዚህ ወንዶቹ ስብሰባ ላይ ሳሉ ከጫካ ቆርጬ በየሰዉ ደጅ እኔው አነጠፍኩልህ። እጄን እስከ አሁን የጥዱ ሙጫ አልለቀቀውም። በማግስቱ አስከሬንህን የያዘው ጋሪ ሲወጣ ደጁ ሁሉ ተጠርጓል፤ ዝንጣፊው ቦይ ውስጥ ተጥሏል። እማዬ ክንዴን ይዛ መሬት መሬት እያየች ሄደች። ቬርነር በሩ ላይ ቆሟል፤ በአንድ እጁ ባርኔጣውን፣ በሌላው መጥረጊያውን ይዞ። የእሱ ደጅ ብቻ አልተጠረገም። ትቶልህ ይሁን ሳይጠርግ ደርሰንበት ይሁን አላውቅም። ልጠይቀውም አልደፈርኩም።

ዛሬ ከትምህርት ቤት ስወጣ በቢሮው በኩል አለፍኩ። መንግሥት ወድቋል፤ ትእዛዙ ግን በሩ ላይ እንደተለጠፈ ነው። ጸሐፊው በመስኮት አየኝና፣ «የአልጎት ወንድም አይደለህም? ትምህርት መቼ ነው የምትጨርሰው?» አለኝ።

«በጸደይ» አልኩት። ምነው ምላሴ በተቆረጠ!

ለእማዬ አልነገርኳትም። ካልወረድኩ ትራባለች። ከወረድኩ ደግሞ፣ አልጎት፣ ለእኔ ጥድ የሚቆርጥልኝ ወንድም የለኝም።

ታናሽህ
ሲክስተን