አማቴን የገደልኩ ሰሞን

ሰኞ፣ ሜይ 6

ብርድ ገብቷል። ተራራው ጉሙን ለብሶ አላወልቅም ብሏል። ሻይ አፈላሁ፣ ግቢ ጠረግኩ።

ሊምባኒ አልተነሳም። ሰኞ መች ተነስቶ ያውቃል? ሠላሳ ሦስት ዓመቱ ነው፤ የሰባተኛ ክፍል ሒሳብ አስተማሪ። በሩን ስከፍት የካቻሱው ሽታ በጥፊ መታኝ። ያ አረቄ እንኳን ሆድ፣ ግድግዳ ይልጣል። ልጄ ጫማውን እንዳደረገ ተዘርሯል።

ሁለት ሰዓት ላይ ስልክ ጮኸ። ርዕሰ መምህሩ፣ አቶ ናማኳ።

«እትዬ ኤሉቤ፣ ሊምባኒ የታለ?»

ወባን ባለፈው ወር ሁለቴ ተጠቅሜበታለሁ። የጥርስ ሕመምም አልቋል፤ አንድ ሰው ስንት መንጋጋ ያስነቅላል? አፌ ብቻውን ሄደ…

«አያቱ አረፉ» አልኩ።

አያቱ ማለት አማቴ፣ እማማ ናሲቤኮ። በዚያች ሰዓት በረንዳ ላይ ቁጭ ብለው ለውዝ ይፈለፍላሉ። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ጥርሳቸው ከእኔ ይሻላል።

«ነፍስ ይማር» አሉ አቶ ናማኳ። ድምፃቸው ተሰበረ።

«አሜን» አልኩ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሕፃናትን «አትዋሹ» ስል የኖርኩ ሴትዮ።

ማክሰኞ፣ ሜይ 7

ለእማማ አልነገርኳቸውም። ሰው «ሞተዋል» ተብሎ እንዴት ይነገረዋል?

ለሊምባኒ ነገርኩት። ሳቀ። «ታዲያ የሐዘን ፈቃድ አገኘሁ ማለት ነው» አለና ወደ መጠጥ ቤቱ ሄደ። ውሸቱ የኔ፣ ፈቃዱ የሱ።

ረቡዕ፣ ሜይ 8

መጡ!

ዘጠኝ አስተማሪዎች። ሴቶቹ የበቆሎ ዱቄት በሳህን ተሸክመው፣ ወንዶቹ ማገዶ ይዘው፣ እየዘመሩ። ከፊት አቶ ናማኳ በጥቁር ኮት። ወጥ ቤት ልደበቅ አልኩ፤ እግሬ እምቢ አለ።

እማማ ናሲቤኮ መዝሙር ሲሰሙ አያስችላቸውም። ተነስተው አብረው ዘመሩ። በድምፅ ከሁሉም በለጡ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣

«ማን ነው የሞተው?»

«እ… እርስዎ።»

አቶ ናማኳ የአማቴን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙ። «ያጽናዎት እናቴ። የሟች እህት ነዎት?»

እማማ እኔን አዩ። ዱቄቱን አዩ።

«ሟቿስ እኔው ነኝ» አሉ። «ግን ተሸክማችሁ አትመለሱም መቼስ፤ ዱቄቱን ወደ ጓዳ አስገቡት።»

አንዷ አስተማሪ ጮኻ እስከ አጥሩ ሮጠች። ሌሎቹ ምድር ምድር አዩ። አንዱ ሳቁን በሳል አስመስሎ አወጣው። እኔስ? መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አመሰግናት ነበር።

አቶ ናማኳን ወደ ጥግ ወስጄ ነገርኳቸው። «ሊምባኒ ሰክሮ ነው። ሁሌም ሰክሮ ነው።»

«እናውቃለን እትዬ። የማናውቀው እርስዎ እስከ መቼ እንደሚዋሹለት ነበር።»

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ሐሙስ፣ ሜይ 9

እማማ ከዱቄቱ ንሲማ አስገንፍተው ሁለቴ አስጨመሩ። «የራሱን የለቅሶ እህል የሚበላ ሰው ስንት ነው?»

ከበሉ በኋላ ግን እጃቸውን እየታጠቡ… «ምራቴ፣ እኔን ብትገድዪኝ ዕድሜዬ ነው። እሱን ግን በቁሙ እየቀበርሽው ነው። አንቺ አፈሩን ትመልሺለታለሽ፣ እሱ ይተኛል።»



ቅዳሜ፣ ሜይ 11

ውሸት ካልሆነ ብልሃት! ሊምባኒ ሳይነሳ ሱሪዎቹን በሙሉ ለቅሜ ውሃ ውስጥ ነከርኩ። አምስቱንም። በዚህ ብርድ እስከ ማክሰኞ አይደርቁም። ያለ ሱሪ የት ይሄዳል?

ሄደ። የእኔን ቺቴንጄ፣ ዶሮ ከነጫጩቶቿ የታተመችበትን ጨርቅ፣ ከወገቡ በታች አገልድሞ በዋናው መንገድ።

ጎረቤቴ ፋይኔሲ ከአጥሩ ማዶ፣ «ኤሉቤ! ልጅሽን ዳርሽው እንዴ?»

በሳቅ ፈረስኩ። ቤት ስገባ ሳቁ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ።

ሰኞ፣ ሜይ 13

ከውጭ ቆለፍኩበት። ምግብና ውሃ በመስኮት።

«እማዬ፣ ትንሽ ብቻ… እጄ ይንቀጠቀጣል።»

«ይንቀጥቀጥ!»

ጀግና የሆንኩ መሰለኝ።

ረቡዕ፣ ሜይ 15

ከሰዓት በኋላ ነው። የሚወድቅ ነገር ሰማሁ። በመስኮት ሳይ መሬት ላይ ነው… ዓይኑ ተገልብጧል፣ አረፋ ይደፍቃል፣ ሰውነቱ ይንዘፈዘፋል። ቁልፉን አጣሁት። ኪሴ ውስጥ ነበር፤ አጣሁት። ፋይኔሲ በሩን በዘነዘና ሰበረችው።

ሐኪም ቤት። ወጣት ሐኪም። «ማን ነው የቆለፈበት?»

«እኔ።»

«እናቴ፣ ለዓመታት ብዙ የጠጣ ሰው በአንዴ ሲያቋርጥ ሊሞት ይችላል። የሚያቆመው በሐኪም ክትትል ነው።»

ልጄን ልገድለው ነበር። በወሬ ሳይሆን በእውነት።

እሑድ፣ ሜይ 19

አሁንም ሐኪም ቤት ነን። ሊምባኒ ገንፎ ቀመሰ። መንቀጥቀጡ ቀንሷል። አላናገረኝም። እኔም አላናገርኩት። ካልሲውን ግን አስተካከልኩለት። አይፈቀድም እንዴ?

ቅዳሜ፣ ሜይ 25

ፋይኔሲ ጎትታ ወሰደችኝ። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ማንጎው ሥር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሰበሰቡ ሴቶች አሉ። ልጃቸው፣ ባላቸው፣ ወንድማቸው የሚጠጣባቸው። የፋይኔሲን ባል ካቻሱ እንደበላው አውቃለሁ፤ እዚህ እንደምትመጣ ግን አላውቅም ነበር። ስድስት ዓመት አጥር ለአጥር!

መሀረብ ይዤ ሄድኩ፤ ለቅሶ ነው ብዬ። የሱሪውን ነገር ስነግራቸው አንዷ ከወንበር ወደቀች። ሌላዋ የባሏን አጎት ሁለቴ ቀብራለች፤ ሁለተኛው ቀብር ላይ ሟቹ ራሱ ተገኝቷል! እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር…

ያሉኝን ልጻፍ፣ እንዳልረሳው። አትዋሺለት። መጠጥ ቤት ድረስ በዓይንሽ አትከተዪው። መጠጣቱን አንቺ አላመጣሽውም፣ አንቺም አታስቆሚውም። ሲጠይቅሽ ሐኪሙ ጋ አብረሽው ሂጂ፣ ሳይጠይቅሽ ተቀመጪ።

የመጨረሻዋ ከበደችኝ። እኔና መቀመጥ?

ሰኞ፣ ጁን 10

ሊምባኒ ሥራ ከጀመረ ሳምንት ሆኖት ነበር። ትናንት ጠጣ። ዛሬ ስልኩ ጮኸ።

«እትዬ ኤሉቤ፣ ሊምባኒ የታለ?»

እማማ ናሲቤኮ ከበረንዳው አንገታቸውን አሰገጉ። «ዛሬም ልሙት?»

«ቤት ነው» አልኩ። «ራሱን ያናግሩት።» ገብቼ ስልኩን ደረቱ ላይ አስቀመጥኩት። አፍጥጦ አየኝ። ዓይኑ «ምን ልበል?» ይላል። ወጣሁ። ከበሩ ውጭ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ… ሰው ነኝ።

አልጋው ሲንቋቋ ሰማሁ። ከዚያ፣ «ጠጥቼ ነው ጌታዬ።»

ወጥቶ ጮኸብኝ። «ምን ዓይነት እናት ነሽ!» ሳህን ወረወረ። ቃሌ ግን አልከዳኝም። «ሐኪሙ ጋ መሄድ ስትፈልግ አብሬህ እሄዳለሁ። በሌላው የለሁበትም።»

ሐሙስ፣ ጁን 13

«እማዬ… ዛሬ ይሠራሉ?»

ማን እንደሚሠራ አልጠየቅኩም። ጫማዬን አደረግኩ።

ቅዳሜ፣ ጁን 29

ሰርግ ሄድኩ። ስንት ዓመቴ! ጨፈርኩ። ቤት አልደወልኩም።

እሺ፣ አንዴ ደወልኩ። እማማ አነሱና «ጨፍሪ!» ብለው ዘጉብኝ።

ሐሙስ፣ ጁላይ 18

አምስት ሳምንት ሳይቀምስ ቆየ። መድኃኒቱን ይውጣል፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ሐኪሙን ያያል። ፊቱ ፊት መስሎ ነበር።

ከትናንት ወዲያ ጠጣ። ትናንት ሥራ አልሄደም። ስልክም አልጮኸም፤ አቶ ናማኳ እኔን መፈለግ ትተዋል።

ዛሬ ሲነጋ ተነስቶ ታጠበ። ጠረጴዛው ላይ ፖስታ አለ፤ ለርዕሰ መምህሩ። አልተጣበቀም። ያልተጣበቀ ፖስታ ማለት እኮ… አነበብኩት።

«ትናንት የቀረሁት ጠጥቼ ስለነበር ነው። ለተማሪዎቼ የተዘለለውን ትምህርት ቅዳሜ አካክሳለሁ። ዛሬ ከሥራ በኋላ ሐኪሙ ጋ እሄዳለሁ።»

ሁለት የፊደል ስህተት። «አካክሳለሁ» የሚለውን ቃል አስተማሪ እንዴት ያበላሸዋል? እስክሪብቶው አጠገቤ ነበር። ጣቴ አሳከከኝ። አጥፌ መለስኩት።

ሸሚዙን እየቆለፈ ገባ። «አነበብሽው አይደል?»

«አዎ።»

«እና?»

«ደብዳቤው ያንተ ነው።»

 ጉንጬን ሳመኝና ወጣ። ወፍጮ ቤቱ ጋ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ ግራው ትምህርት ቤት፣ ቀኙ መጠጥ ቤት። ከበራችን ሆኖ ጥርት ብሎ ይታያል። ስንት ዓመት ቆሜ አይቼዋለሁ!

ወፍጮ ቤቱ ጋ ሳይደርስ ገብቼ በሩን ዘጋሁ።