ፊልሙን አቁመው ላስታረቁን ለክቡር ሊቀመንበራችን

ለተከበሩ አቶ ሀይለማርያም
በፒዮሪያ ስትሪት የመረዳጃ ማኅበራችን ሊቀመንበር
አውሮራ፣ ኮሎራዶ

ክቡር ሊቀመንበር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ማይክሮፎን ለመጨበጥ የተፈጠረው ቀኝ እጅዎ ደህና ነው ወይ? እኛ በቻምበርስ ሮድ ያለን ቤተሰቦች፣ ካለፈው ቅዳሜ ወዲህ ከያዘን መገረም በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ይህን ደብዳቤ ለብቻዎ ልልክልዎ አስቤ ነበር፤ ዳሩ ግን ውለታዎ የተደረገልን በአደባባይ ስለሆነ ምስጋናውም በአደባባይ ቢሆን ይሻላል ብዬ በማኅበሩ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለጠፍኩት።

እንደሚያውቁት ታናሽ እህቴ ፀዳል በእንግሊዝ አገር፣ በሌስተር ከተማ ትኖራለች። አምና አውቶቡስ ስትሳፈር ወድቃ ዳሌዋ ተሰብሮ ነበር። ከዚያ ወዲህ እሷ «ድኛለሁ» ትላለች፤ እናታችን ወይዘሮ አረጋሽ ደግሞ አታምናትም። እናቴ «በስልክ ሁሉም ሰው ጤነኛ ነው» የምትል ሴት ናት። በቪዲዮ ስንደውል የሚታየው የፀዳል ግንባር ነው። እግሯን ቀርጻ ብትልክላትም «የማን እግር እንደሆነ በምን አውቃለሁ?» ብላ መለሰችላት። ስለዚህ ፀዳል በአንድ ፊልም መጨረሻ ላይ ጎዳናውን ሙሉ በእግሯ ስትሄድ እንደምትታይ ስንሰማ፣ እናቴ ፊልሙ በማኅበራችን አዳራሽ የሚታይበትን ቅዳሜ እንደ ሐኪም ውጤት ነበር የጠበቀችው። እኔም ከሥራ ኦፍ ወስጄ፣ መነጽሯን ወልውዬ፣ ከፊት አስቀመጥኳት።

ፊልሙ እንግሊዞች በጠባብ ኪስ የሠሩት አስፈሪ የበቀል ፊልም መሆኑን አስቀድሜ በትሕትና ነግሬዎ ነበር። ወንበዴዎች አንድ ወጣት ይገድላሉ፤ ፖሊስ ፋይሉን ይዘጋል፤ የሟቹ ጓደኛ ፊቱ ላይ ጆንያ አጥልቆ ገዳዮቹን አንድ በአንድ እያደነ ይገድላል። ደሙ የቀይ ሥር ጭማቂ ነው። ተዋናይ ስላጠራቸው አንዱ ሰውዬ ሁለት ጊዜ ይሞታል፤ አንዴ በጃኬት፣ አንዴ ያለ ጃኬት። ፀዳል የሟቹን እናት ሆና ነው የምትሠራው፤ የምትገባውም መጨረሻ ላይ ብቻ ነው።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ስለ መክፈቻ ንግግርዎ። ስለ አንድነት፣ ስለ ወጣቱ ትውልድና ስለ ፓርኪንግ ያደረጉት ንግግር ከፊልሙ ሊረዝም ትንሽ ነበር የቀረው፤ የረሱትን ነገር ሊያመጡ ፓርክ ሂል ድረስ ሄደው የተመለሱ ሰዎች እንኳ አላመለጣቸውም። «ለቤተሰብ የሚሆን ፊልም ነው» ብለው ስላረጋገጡልን ልጆቻቸውን ከፊት ያስቀመጡ ወላጆችም እጅግ ያመሰግናሉ። ልጆቹ ከዚያ ወዲህ በየክፍላቸው መተኛት ትተው ከአባትና ከእናታቸው ጋር ስለሚያድሩ የቤተሰብ ፍቅር ጨምሯል።

ሁለተኛ፣ ስለ ትርጉምዎ። እንግሊዝኛ ለማይሰሙ አባቶችና እናቶች ብለው በማይክሮፎን መተርጎምዎ ትልቅ ትጋት ነው። ወንበዴው እናት አባት ሳይቀር እየጠራ ያወረደውን ረጅም ስድብ «ወንድሜ፣ ትንሽ ቅር አሰኝተኸኛል» ብለው ስላለሰለሱልን ጆሯችን ሳይረክስ ቀርቷል። ጆንያ ያጠለቀው ሰው መጥረቢያ ይዞ በመስኮት ሲገባ ደግሞ «ሊመክረው መጣ» አሉን። እናቴ ስክሪኑን ትክ ብላ አይታ «ምነው፣ ምክሩ በረታሳ!» ማለቷን ሳይሰሙ አይቀሩም።

ሦስተኛ፣ ስለ ባርኔጣዎ። ደም በታየ ቁጥር ፕሮጀክተሩን በባርኔጣዎ ስለከደኑልን ከፊልሙ ግማሹን ያየነው ባርኔጣዎን ነው። ጥሩ ባርኔጣ ነው።

አራተኛ፣ ስለ እርቁ። ከገዳዮቹ የመጨረሻው ጠባብ ጎዳና ላይ ተይዞ፣ ተንበርክኮ፣ «ማረኝ፣ ጥፋቴን አምኛለሁ» ሲል (ይህን እንኳ በትክክል ተርጉመውታል) እርስዎ ፊልሙን አቆሙ፣ መብራት አስበሩ፣ «ይቅርታ ተጠይቆ ዝም ብሎ ማለፍ በባህላችን ነውር ነው» ብለው ሽማግሌ እንዲሰየም አዘዙ። ስክሪኑ ላይ ሰውዬው አፉን እንደከፈተ፣ የጆንያው ሰው ያነሣበት አካፋም አየር ላይ እንደተንጠለጠለ፣ አዳራሹ ውስጥ ሽምግልና ተጀመረ። ኡበር የሚነዱት አቶ ውድነህ የጆንያውን ሰው፣ ጎረቤታቸው አቶ ባስልዮስ ደግሞ ገዳዩን ወክለው ቆሙ። አቶ ባስልዮስ ከፊልሙ ተዋናይ አስበልጠው ሠርተውታል ብል አላጋነንኩም፤ በጫንቃቸው የሚሸከሙት ድንጋይ ቢያጡ የሳምቡሳ ትሪ ተሸክመው ይቅርታ ጠየቁ። አቶ ውድነህ መጀመሪያ «ቁስሌ አልጠገገም» ብለው አስቸገሩ፤ ኋላ ግን «ይቅር ለእግዚአብሔር» ብለው ተቃቀፉና ቤቱ በእልልታ ተናወጠ። እዚህ አገር የተወለደችው ልጄ ሔቨን ተነሥታ «ጋይስ፣ ሙቪ እኮ ነው! ዜይ ካንት ሂር ዩ! አይሰሟችሁም!» ብትል፣ እርስዎ «ልጄ፣ ይቅርታ ሙቪ የለውም» ብለው አስቀመጧት። ሌስተር ያሉት ሰዎች መታረቃቸውን እስካሁን አልሰሙም።

ከዚያም አዳራሹን ከእኛ ቀጥለው የተከራዩት ሜክሲኳውያን ለልጃቸው የዐሥራ አምስት ዓመት ልደት ፊኛና ጥሩምባ ይዘው ገቡ። እርስዎም «ጉዳዩ በእርቅ ስላለቀ የቀረውን ማየት አያስፈልግም» ብለው ፊልሙ ያለበትን ፍላሽ የማኅበሩ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፉበት።

ክቡር ሆይ፣ ለመሆኑ በየትኛው አገር ሽምግልና ነው የሟች እናት ሳትጠየቅ ደም የሚደርቀው? እናትየዋ እየመጣች ነበር። ጥቂት ታግሠው ቢሆን ኖሮ ከጎዳናው ጫፍ ተነሥታ በእግሯ ትደርስ ነበር። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ እርስዎ ግን አንድ ቀን ከሰዓት ላይ የሁለት እናቶችን አጥር ነቀነቁ።

ሁለተኛዋ እናት የእኔ ናት። ቤት ስንገባ «ገብቶኛል» አለች፤ «እንዳላይ ነው ያቆሙት። ልጄ መቆም አትችልም፤ ሁላችሁም ታውቃላችሁ።» ክፉ ወሬ ከእናት እንዴት እንደሚደበቅ እኛ ስለምናውቅበት እሷም ታውቅበታለች፤ ሽማግሌ በድንገት ለመሰብሰቡ ሌላ ምክንያት አላገኘችለትም። ከዚያ ቀን ወዲህ ፀዳል ስትደውል «አይዞሽ፣ አውቄዋለሁ» እያለች ታለቅሳለች፤ ፀዳልም ወዲያ ሆና ታለቅሳለች፤ እኔ ስልኩን ይዤ መሐል እቆማለሁ። እዚህ ላይ ምስጋናዬን ለአፍታ ላቁምና በእርስዎ በጣም እንደተናደድኩ፣ ለእናቴም ልቤ እንደተሰበረ በግልጽ ልናገር። አሁን ወደ ምስጋናዬ ልመለስ።

የፊልሙ ባለቤቶች ፍላሹን የሰጡን በአዳራሻችን ለሕዝብ እንድናሳየው ብቻ ስለሆነ ቤቴ ወስጄ ላሳያት አልችልም። ስለዚህ በሚመጣው ቅዳሜ የቀረው ክፍል እንዲታይ፣ በፊቱ ንግግር፣ በመሐሉ ትርጉም፣ በላዩም ባርኔጣ እንዳይኖር በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ። ለእርስዎም ከእናቴ አጠገብ የክብር ወንበር እንይዛለን፤ ከፕሮጀክተሩ ራቅ ያለ ነው።

ዕድሜዎን ያርዝምልን፣ ንግግርዎን ያሳጥርልን እያልኩ፣ ባልተጣሉ ሰዎች መካከል እንኳ እርቅ ለሚያወርደው ጥበብዎ ከሩቅ ሆኜ እጅ እነሣለሁ።

ምንጊዜም አክባሪዎ፣
የወይዘሮ አረጋሽ ልጅ ሠርካዲስ፣
እስከ ዛሬ ድረስ የማኅበሩ አባል

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ሳልለጥፈው አንድ ነገር ተጨመረ። የማኅበሩ ጸሐፊ ወይዘሮ እንቁ የቁም ሣጥኑን ሁለተኛ ቁልፍ እንደያዙ ረስተውት ኖሯል። ዛሬ ረፋዱ ላይ አዳራሹን ከፍተው የቀረውን ክፍል ለሕዝብ አሳዩ፤ ሕዝቡም እናቴ፣ ሔቨንና እኔ ነበርን። ፀዳል ትሄዳለች። ትንሽ ታነክሳለች፤ ግን ያለ ከዘራ ጎዳናውን ሙሉ ሄዳ አካፋውን ከጆንያው ሰው ትቀበላለች። እናቴ መጀመሪያ እግሯን ብቻ አየች፤ «ድናለች» ብላ እንባዋን ጠረገችና «ድገሙልኝ» አለች። ሁለተኛው ላይ ቀና ብላ ልጇ ወደ ማን እንደምትሄድ አየች። የተንበረከከው ሰውዬ፣ ይቅርታዎን እየጠየቅኩ፣ ቁርጥ እርስዎን ነው። የቅዳሜው ልመናዬ እንደጸና ነው፤ እናቴ ከእርስዎ ጋር ሆና ደግማ ማየት ትፈልጋለችና። ዛሬማ ሰውዬውን ስታየው ከወንበሯ ብድግ ብላ «አይዞሽ ልጄ! ደረስሽበት!» አለች።