በየቅዳሜው የምትጎድለው ጎጆ

ሎስ አንጀለስ፣ ጁላይ 1987

ውድ እትዬ ሙጂባ፣

ዳላስ ልጅዎ ዘንድ ከሄዱ ወዲህ አንድ ደብዳቤ ያልጻፍኩልዎ ሰንፌ አይደለም፤ ፈርቼ ነው። ምስጢርዎን አውጥቻለሁ። ይቆጡኝ፣ ግን መጨረሻውን ካነበቡ በኋላ።

ቬኒስ ቢች ያለው የወፎቻችን አጥር ሊነሳ ነበር። ይህን ሁሉ አሸዋ ለወፍ ከማጠር መኪና ፓርክ እናድርግበት ብሎ የባሕር ዳርቻው ቢሮ ስብሰባ ጠራ። ወፎቹ በየዓመቱ እዚያ እንደሚፈለፍሉ የሚመሰክረው የእርስዎና የዶሪስ የስድስት ዓመት ደብተር ብቻ ነው። ያቺ ቤቷን ሲያጸዱላት «ነይ ወፍ እንቁጠር» ብላ የጎተተችዎ ዶሪስን መቼም አልረሷትም። ለየብቻ ቆጥራችሁ፣ ለየብቻ ነበር የምታስገቡት። ስብሰባው ላይ የቢሮው ሰውዬ ሁለቱን ደብተር ጎን ለጎን ዘረጋና የእርስዎን እየጠቆመ፣ «አንድ ቀን እንኳ አይገጥሙም። አሮጊቷ መቁጠር አትችልም። ይኼ ማስረጃ አይሆንም» አይል መሰለዎ!

ደሜ ፈላ። ያቺ እፍኝ የማትሞላ ነጭ ወፍ ባዶ አሸዋ ላይ የጣለችውን፣ ራሱ አሸዋ የሚመስል እንቁላል፣ እኔ ባይኖኩላር ይዤ ሳጣው እርስዎ በባዶ ዓይንዎ ነበር የሚያገኙት። ሻሽዎ ላይ ኩሷን ስታራግፍብዎ እንኳ «ተያት፣ እናት ናት፣ ታባርር» ብለው ይስቁ ነበር። በየቅዳሜው ጠዋት ከሰፈራችን ከፌርፋክስ መኪና እየነዳሁ ያደረስኩዎ እኔ ነኝ። ረመዳንን በጾም አፍዎ ፀሐይ ላይ ቆመዋል እንጂ አንዲት ቅዳሜ አልቀሩም።

የመጀመሪያውን ዓመት አልረሳሁትም። አሥራ ዘጠኝ ጎጆ ቆጥረው አሥራ ስምንት ጻፉ። «እትዬ፣ ተሳሳቱ» ስልዎ፣ «ዝም በይ! እኛ ወሎ ልጅና ከብት እቅጩ አይነገርም። የሰው ዓይን እንዳያርፍባቸው አንዷን ሸሽጌያታለሁ። ለዶሪስ ትንፍሽ እንዳትዪ!» አሉኝ። እኔም በሆዴ እየሳቅኩ ስድስት ዓመት ዝም አልኩ።

ያን ቀን ግን ብድግ አልኩ። «ከዶሪስ ላይ የእሳቸውን ቀንስ» አልኩት፣ «እያንዳንዱን ቅዳሜ።» ሰውዬው እየሳቀ ጀመረ። አንድ። አንድ። አሁንም አንድ። ሦስተኛው ገጽ ላይ ሳቁን ተወው። በስድስት ዓመት ልዩነቱ አንድም ቀን ሁለት ሆኖ አያውቅም!

«መቁጠር የማይችል ሰው እንዴት ሁልጊዜ በአንድ ብቻ ይሳሳታል?» አልኩና ነገሩን ሁሉ ዘረገፍኩት። ዶሪስ አለቀሰች።

አጥሩ አልተነሳም። ሰውዬው ራሱ ደብተርዎ ሽፋን ላይ «በየመስመሩ አንድ ይጨመር» ብሎ ፈረመበት። ኮራሁብዎ፣ እትዬ! ለማላውቀው ሰው ሁሉ «ጎረቤቴ ነበሩ እኮ» እያልኩ ነው ከአዳራሹ የወጣሁት።

እቤት ስገባ ግን ፍርሃት ያዘኝ። የሸሸጓትን ገልጬ አንድ ነገር ቢደርስባቸው በማን ላሳብብ ነው? በእርስዎ ቦታ ቆጣሪ አድርገውኛልና፣ ቅዳሜ ገና በጠዋት ሄድኩ። ጫጩቶቹ አሸዋው ላይ ይርመሰመሳሉ። ሁለት ጊዜ ቆጠርኳቸው።

ስንት እንደሆኑ አልጽፍልዎትም። ብዙ ናቸው። ማሻአላህ ብያለሁ፣

ጴንጤዋ ጎረቤትዎ
ሣራ