ልጅ አንድ ጊዜ ብቻ ይናገር ያሉት የእትዬ ቆይ የሕይወት ታሪክ

ሁላችንም እትዬ ቆይ የምንላቸው ታላቅ እህታችን ከአባታቸው ከአናጺውና ከእናታቸው ከልብስ ሰፊዋ በ1952 ዓ.ም. ተወለዱ። ሲወለዱ ያሰሙት ለቅሶ ሦስት ሰፈር ቀስቅሷል፤ የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ታናሽ ወንድማቸው ያኔ ገና ባይወለድም በሚገባ ያስታውሰዋል። ከዚያ ወዲህ ግን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አያውቁም። ለቸኮለ ሰው ሁሉ መልሳቸው «ቆይ» ስለነበር ቅጽል ስማቸው በዚያው ጸና።

ትምህርታቸውን ከአንደኛ ሳይወርዱ ጨርሰው (በቤታችን ከዚያ በታች የወጣ የለም፤ ካለም አልተነገረንም) በ1974 ዓ.ም. በማኅበራዊ ሠራተኝነት ተመረቁ። በ1977 ዓ.ም. ከመካኒኩ ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው ሦስት ልጆች አፍርተዋል።

በዚያን ጊዜ ጥቃት የደረሰበት ልጅ የደረሰበትን ለፖሊስ፣ ለሐኪም፣ ለዐቃቤ ሕግ ደጋግሞ እንዲያወራ ይገደድ ነበር። ይህ አንጀታቸውን ስላቆሰለው በ1989 ዓ.ም. የሰፈሩን ሰው አስተባብረው የሕፃናት ማዕከል አቋቋሙ። ልጁ ለአንድ ሰው አንድ ጊዜ ይናገራል፤ መርማሪውና ሐኪሟ በሚቀጥለው ክፍል ሆነው በስክሪን ይከታተላሉ። ልጆች የሚገቡበት በር ለብቻው ነው። እንዲህ ያለ ማዕከል በዓለም የለም፤ የሚጠራጠር ዓለምን ዞሮ ይምጣ።

አንድ ከሰዓት በኋላ አንዲት አስተማሪ ጥቃት ደርሶባታል ብላ የጠረጠረቻትን የስምንት ዓመት ተማሪዋን ከእናቷ ጋር አመጣቻት። ልጅቷ ምንጣፉ ላይ ከእትዬ ፊት ለፊት ተቀምጣ «እናቴ ሥራ ስትገባ እሱ...» ብላ ስትጀምር ከኮሪደሩ የሰው ሳል ተሰማ። ልጅቷ ደርቃ ቀረች። የእንጀራ አባቷ ነበር። ሹራቧን ይዞ «ልጄን እንዳይበርዳት» ሲለው ደጉ ዘበኛችን አንጀቱ ተላውሶ በልጆቹ በር አስገብቶት ኖሯል።

መርማሪው ብቅ አለ። «እትዬ፣ ካልተናገረች እኮ እጄ ላይ ምንም የለም። ዛሬ እሱ ቤት ነው የምታድረው።»

«ቆይ።»

«እስከ መቼ? ‹እሱ ነው አይደል?› ይበሏትና እንገላገል!»

«እኔ አፏ ውስጥ የጨመርኩትን ቃል ጠበቃው ነገ ያስተፋታል። ይልቅ ሂድና ሰውዬውን አስወጣልኝ።»

ቁልፉን ከበሩ ነቅለው የልጅቷ መዳፍ ላይ አኖሩ። «የኔ እመቤት፣ አንቺው ቆልፊው። አንቺ ካላልሽ አይከፈትም።» ቆለፈችው፤ እጀታውንም እየነቀነቀች ፈተነችው።

ውጭ ሰውዬው «ልጄን አምጡ!» እያለ ያምባርቃል። መርማሪው ተመልሶ መጣና በሩን ደበደበው። «እትዬ፣ ይክፈቱ እንጂ!»

«ቁልፉ እኔ ጋ የለም፤ የቁልፉን ባለቤት ለምናት!»

እትዬ ይቀልዱ እንጂ ግንባራቸውን ላብ አጥምቆት ነበር። ያም ሆኖ አንድም ጥያቄ አልጠየቁም። መርማሪው ወደ ስክሪኑ ተመለሰ፤ የሰውዬውም ድምፅ እየራቀ ሄዶ ጠፋ። ልጅቷ ቀስ ብላ «እሱ ይሰማኛል?» አለች።

«እኔ እሰማሻለሁ። በዚያች ካሜራ መርማሪውና ሐኪሟ ይሰሙሻል። እሱ አይሰማሽም።»

ተናገረች። ሁሉንም፣ አንድ ጊዜ። ስትጨርስም ራሷ ከፈተች። ሰውዬው በዚያው ቀን ተያዘ፤ እናትና ልጅ አክስቷ ቤት አደሩ። ያደረሳቸው የማዕከሉ ሹፌር፣ ማለትም ይኸው ጸሐፊ ነው፤ ነፋስ ሊከተለው ሞክሮ መንገድ ላይ ቀርቷል።

እትዬ በጉበት ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ጥቅምት 18 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በ64 ዓመታቸው አረፉ። ከባለቤታቸው፣ ከልጆቻቸውና ከአምስት የልጅ ልጆቻቸው ተለይተዋል። ከማረፋቸው በፊት «በኔ ቀብር አሳብባችሁ አንድም ልጅ ‹ነገ ና› ብላችሁ ጥቃት ወደደረሰበት ቤት እንዳትመልሱ» ብለው አስምለውናል።

ስለዚህ በእጃቸው ያሠለጠኗት ተተኪያቸው ዛሬ ከመካከላችን ባትኖር ማንም አይቀየማት። ጠዋት አንድ ልጅ መጥቷል። አሁን ምንጣፉ ላይ አብራው ተቀምጣ እስኪናገር እየጠበቀች ነው።

ፈጣሪ ለእህታችን ነፍስ ማንም የማያስደነግጣት ማረፊያ ይስጥልን፤ ለዚያም ልጅ አንደበቱን ይፍታለት።