የሟቿ ስልክ ቁጥር

ሰኞ፣ ኖቬምበር 7፣ 2016፤ ረፋድ

«የዘፈኑ ባለቤት ሞታለች፤ ፈቃድ ከማን ልጠይቅ?» ይላል አልዮ ለደንበኛው። አልዮ በየሰዉ ስልክ ሚሞሪ ላይ ዘፈን የሚጭን ባለሱቅ ነው። ሰማሁ፤ አመንኩ። ከሞያሌ ለናይሮቢ ጋዜጣ የሙዚቃ ንግድ እዘግባለሁ፤ ዘፋኝ ሲሞት ሥራ ነው። ስለ ዘፋኟ ስለ ወ/ሮ ጫልቱ የኀዘን ጽሑፍ ጀመርኩ። ደብተሬ፣ ጥሩ እየሄደልኝ ነው።

ማክሰኞ

ሟቿን ገበያ ሽንኩርት ስትመርጥ አገኘኋት። መሞቷን ነገርኳት። ሳቀች፤ ሽንኩርት ተወደደ አለች። አልዮ ዘፈኗን ሳያስፈቅድ እንደሚሸጥ ታውቃለች። ኑሮዋ ሰርግ ላይ መዝፈን ነው፤ ከከተማው ውጭ ከጎልቦም ከኡራንም ድረስ ይጠሯታል። ልጽፍበት ነው ስላት «ወንድሜ፣ ቀስ በል» ብቻ አለች። ፈርታ ነው። እኔ አልፈራሁም። የኀዘኑን ጽሑፍ ቀደድኩ። ቆንጆ ነበር።

ዓርብ፤ ከሰዓት

አልዮ ጋ ሄድኩ። ሰውየው በየዘፈኑ መሐል እየገባ በራሱ ድምፅ የሱቁን ስም ይለፍፋል። የጫልቱን ስልክ ቁጥርም። በሰው ሥራ ላይ መትፋት ነው አልኩት።

«ብዋና ጋዜጠኛ፣ በነጻ ማስታወቂያ እኮ ነው!»

«የሞተች ሴት ስልክ ቁጥር ታስነግራለህ?»

«ለሰርግ ትነሳለች።»

ቅዳሜ

አለቃዬ ከናይሮቢ ደወለ። የሞያሌን ዘፈን ማን ያነባል፤ የግመል ዋጋ ላክ አለኝ። ግመሉ ሲዘፍን እልካለሁ አልኩ።

ከዚያ የሰፈሩ ሹም፣ ቺፉ፣ አስጠራኝ። ጽሑፉን ተው፣ ነገሩ በሽማግሌ ይለቅ አለኝ። እኔ ዋልዳ የስደተኛ ካምፕ ያደግሁ ሰው፤ ስንት ሹም አሳልፌ! አንዲት ቃል አልሰርዝም።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 23

ጽሑፌ ወጣ! «ወይ ያስፈቅድ፣ ወይ ዘፈኖቿን ያጥፋ» የሚለው አንቀጽ ሳይነካ። ሱቁ ፊት ለፊት ቆሜ አነበብኩት። ድምፄን ከፍ አድርጌ።

እሑድ፣ ዲሴምበር 18

አልዮ ተሸነፈ። የጫልቱን ዘፈኖች ከነጩኸቱ፣ ከነስልክ ቁጥሯ አጥፍቷል። ሌሎቹ ጫኞችም ፈርተው ተከትለውታል። ከተማው ውስጥ አንድም የተሰረቀ የጫልቱ ዘፈን የለም። አለቃዬ እንኳ ተከታዩን ጽሑፍ ላክ አለ። ርዕስ አለኝ፦ «ድል በድንበር»። የቀረው የባለድሏ አስተያየት ነው። ፈለግኳት። ገበያ ናት። የሰርግ ወቅት ነው፤ ስልኳ ላይ ግን የሚደውል የለም።

ሽንኩርት ትሸጣለች።